አልቢነን የምትባለው የስዊዘርላንድ መንደር ብር የምትሰጠው በእርግጥ ሰው አጥታ ነው?

ማዶ_ለማዶ፦ ሰላም ሰዎች። ሰሞኑን ቲክቶክ በከፈትኩ ቁጥር አልቢነን የምትባል መንደር ትመጣብኛለች። ለአንድ ቤተሰብ 70,000 ፍራንክ ትሰጣለች፣ ሄዳችሁ ተመዝገቡ ይላሉ። የገንዘቡን ነገር ተዉትና እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እንደዛ ሀብታም አገር ውስጥ ያለች መንደር እንዴት ሰው ታጣለች? ቦታዋስ እንዴት ያለ ነው?

ካርታ_ወዳድ፦ ቦታዋን ብታይ የጥያቄህ ግማሽ እዛው ይመለሳል። ቫሌ በሚባለው ካንቶን (ክልል እንደማለት ነው) ውስጥ ናት፣ ጀርመንኛ በሚነገርበት በኩል። ከሮን ወንዝ ሸለቆ በላይ ወደ ደቡብ የዞረ ተዳፋት ላይ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጠልጥላለች። ከሥሯ ያለችው ሎይክ 700 ሜትር ምናምን ላይ ስለሆነች ለማንኛውም ጉዳይ መውረድ፣ ከዛ ደግሞ መልሶ መውጣት ነው። ፀሐይ እንደልብ ነው፤ ዝናብ ግን ትንሽ ነው፣ በሰሜንም በደቡብም ያሉት ትልልቅ ተራሮች እርጥበቱን ቀድመው ስለሚያስቀሩት። ለዚህ ነው የአካባቢው ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ የበረዶ ግግር ውሃ ገደል ለገደል በቦይ እየሳቡ መስካቸውን የሚያጠጡት።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። ወደ ጎረቤቷ ሎይከርባድ የሚወስደው የድሮ መንገድ ገደል ላይ የተደገፉ ስምንት የእንጨት መሰላሎች አሉት። ሰው ዕቃውን በጀርባው አዝሎ በነሱ ነበር የሚመላለሰው። አሁንም አሉ። እግሩ የማይንቀጠቀጥ ይሞክራቸው 😅

ነገር_በልኩ፦ የሰው ቁጥሩን በተመለከተ፣ ወሬው በተነሳበት በ2017 እ.ኤ.አ. ነዋሪዋ 240 አካባቢ ነበር። ቤት ግን አላነሳትም። ብዙው ቤት ለእረፍት ብቻ የሚመጡ ሰዎች ንብረት ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል መስኮቱ ተዘግቶ ይከርማል። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ትዳር ሲይዝ እዛው ይቀራል። ጥቂት ቤተሰቦች ሲለቁ ተማሪ ጠፋና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ትምህርት ቤት የሌለው መንደር ላይ ደግሞ ልጅ ያለው ሰው ለምን ይመጣል? እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሚመናመነው።

ስለ ብሩ ደግሞ ቪዲዮው የማይነግርህን ልንገርህ። ለአዋቂ 25,000፣ ለልጅ 10,000 ፍራንክ ነው፤ 70,000ው የመጣው ሁለት ወላጅና ሁለት ልጅ ተደምሮ ነው። ዕድሜህ ከ45 በታች መሆን አለበት። ቢያንስ 200,000 ፍራንክ የሚያወጣ ቤት ትገዛለህ ወይ ትሠራለህ፣ ያውም ቋሚ መኖሪያህ እንጂ የእረፍት ቤት አይሆንም። አሥር ዓመት ሳይሞላህ ከለቀቅክ ብሩን ትመልሳለህ። የውጭ ዜጋ ከሆንክ መጀመሪያ የስዊዘርላንድ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ከአውሮፓ ውጭ ለመጣ አብዛኛውን ጊዜ እዛው አገር አሥር ዓመት መኖርን ይጠይቃል። ሄዳችሁ ተመዝገቡ የሚሉት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ከየአገሩ በሚጎርፍ ማመልከቻ ተማሮ ወሬው ውሸት ነው ብሎ አስተባብሏል።

ማዶ_ለማዶ፦ አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ግን ለማዘጋጃ ቤቱስ ያዋጣዋል? 240 ሰው ካላት መንደር ይሄ ብር ቀላል አይደለም እኮ።

ካርታ_ወዳድ፦ ያዋጣዋል ብለው ነው ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ድምፅ ሰጥተው ያጸደቁት። እዛ አገር ማዘጋጃ ቤት የራሱን የገቢ ግብር ስለሚሰበስብ አንድ የሚሠራ ቤተሰብ ሲጨመር ወይ ሲቀነስ በጀቱ ላይ ወዲያው ይታያል፣ ቤት ሲሠራ ደግሞ የአካባቢው አናጺም ሥራ ያገኛል። ሰው ካለቀ ያለው ምርጫ ከጎረቤት ጋር መዋሃድ ነው። ቲቺኖ የሚባል ሌላ ካንቶን ውስጥ ኮሪፖ የምትባል መንደር ነበረች፤ ነዋሪዎቿ ደርዘን ያህል ብቻ ቀርተው ራሷን ማስተዳደር ሲያቅታት በ2020 እ.ኤ.አ. ቬርዛስካ ከሚባለው አዲስ ማዘጋጃ ቤት ጋር ተጠቃለለች። መንደሯ አለች፣ የራሷ አስተዳደር ግን የላትም።