እርሳስ የበዛበት የሞተር ዘይት፦ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ላውርድ ወይስ ሌላ ናሙና ልላክ?

ሰላም ባለሙያዎች። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመላለስ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ጭነት መኪና አለኝ። ሲቀየር የወጣውን ዘይት ላቦራቶሪ አስመርምሬ ውጤቱን መፍታት ከብዶኛል።

ብረት 140 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 140 እጅ)፣ ክሮሚየም 16፣ አሉሚኒየም 21፣ ሲሊከን 52። ባለፈው ናሙና ብረቱ 45፣ ሲሊከኑ 11 ነበር። እስከዚህ ገብቶኛል፤ ሲሊከንና አሉሚኒየም አብረው ሲወጡ አቧራ፣ ብረትና ክሮሚየም ሲጨምሩ የሲሊንደርና የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) መበላት ነው። የአየር ማጣሪያውን ቱቦ ሳስፈታም ከቱርቦው በፊት ባለው ማሰሪያ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ ጣት ላይ የሚቀር ደቃቅ የአፋር አቧራ ተጋግሮ ነበር። ቱቦው ተቀይሯል።

ግራ ያጋባኝ እርሳሱ ነው፤ ከ6 ወደ 38 ዘሏል፣ መዳቡ ግን 9 ላይ ነው። ሶዲየምና ፖታሲየም ስላልጨመሩ የራዲያተር ውሃ አልገባም እላለሁ። የዘይቱ ውፍረት ግን በ100 ዲግሪ ከ14 ወደ 11.4 ወርዷል።

እርሳሱ የዚያው አቧራ ውጤት ነው ወይስ ኢንጀክተር እያፈሰሰ፣ ዘይቱ በናፍጣ ቀጥኖ ብሮንዙ (እርሳስ ያለበት የክራንክ ዘንግ ማረፊያ) እየተበላ ነው? ኮፓውን አውርጄ ብሮንዙን ልይ ወይስ ዘይት ቀይሬ ቶሎ ሌላ ናሙና ልላክ? ጋራዡ ሞተሩ ሙሉ ይውረድ ይላል፤ እኔ ገና ነው ባይ ነኝ። መኪናው ቆሟል፣ ሾፌሩም ሥራ ፈትቷል። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።