የፕላዝማ አረፋን ከተፈጥሯዊው ዝቅታ ለመለየት የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ የጠፈር ፊዚክስ ባለሙያዎች፣ ደብረ ብርሃን ሆኜ፣ በ2006 ዓ.ም. የመጠቁት የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ የስዋርም ሳተላይቶች የለኩትን የኤሌክትሮን እፍጋት በመጠቀም፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአዮኖስፌር (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች በሚገኙበት የላይኛው ከባቢ አየር) ውስጥ የሚፈጠሩትን የፕላዝማ አረፋዎች፣ ማለትም የኤሌክትሮን እፍጋት እጅግ የሚያንስባቸውን ክፍሎች፣ በማጥናት ላይ እገኛለሁ። መረጃው በሰከንድ 2 ጊዜ ስለሚመዘገብ በልኬቶች መካከል ያለው ርቀት 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የመረጃ ችግር የለብኝም።

ያስቸገረኝ፣ አገራችን በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ (የምድር መግነጢሳዊ መስክ አግድም በሚሆንበት መስመር) አካባቢ በመሆኗ፣ በሰሜንና በደቡብ ባሉት ሁለት የእፍጋት ጉብታዎች መካከል አረፋ በሌለበት ምሽትም ሸለቆ፣ ማለትም ተፈጥሯዊ የእፍጋት ዝቅታ፣ መታየቱ ነው። ተንቀሳቃሽ አማካዩን (በእያንዳንዱ ልኬት ዙሪያ ያሉትን ልኬቶች አማካይ) ከልኬቱ ስቀንስ፣ የአማካዩ መስኮት (አማካዩ የሚሰላበት ርዝመት) ሰፊ ከሆነ ይኸው ሸለቆ አረፋ መስሎ ይወጣል፤ ሳጠበው ደግሞ ሰፋፊዎቹ እውነተኛ አረፋዎች ይጠፋሉ። የመስኮቱን ስፋት በምን መመዘኛ ትወስናላችሁ? ሳተላይቱ በላያችን የሚያልፈው ለጥቂት ደቂቃ ሆኖ ሳለስ፣ ውጤቱን ምድር ላይ ከተተከሉ የጂፒኤስ መቀበያዎች መረጃ ጋር ማመሳከሩ ያዋጣል ትላላችሁ?