የጋራ ግዢው ዕቅድ፦ ሦስት የአየር ሽጉጥ ለልጆቹ (ረቂቅ 2)

ጸሐፊው፣ እሑድ ማታ
ረቂቅ 1ን ያነበቡት ሁለት ሰዎች ስለሆኑ አሳጥሬዋለሁ። ያገለገሉ ሦስት የአየር ሽጉጦች እንገዛለን፤ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ በታመቀ አየር የሚሠሩ፣ ለውድድር የሚፈቀዱ። ሦስቱንም የሚሸጥልን አንድ ሰው ነው። አዳራሹ ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት የእኛ ነው። ዘጠኝ ልጆች ተመዝግበዋል። ዓላማው አንድ ነው፤ በሚያዝያው የወጣቶች ውድድር ልጆቹ በማኅበሩ ስም እንዲሰለፉ። ዋጋው 3,600 ዶላር። ካዝና ውስጥ 2,150 አለ፤ 29 አባላት ሃምሳ ሃምሳ ካዋጣን ሞላ። እስከ ረቡዕ አስተያየት ስጡ። እንደ ገዛነው ኮምፕሬሰር (አየር ማመቂያ) እንዳይሆንብን።

ገንዘብ ያዥ፣ እሑድ ማታ
ከ2,150ው 400ው የዕድር ነው፤ አይነካም። ስለዚህ አልሞላም። 29 አባላት የምትለውም በስም ነው፤ ባለፈው ዓመት የከፈሉት 17 ናቸው። ኮምፕሬሰሩም የት እንዳለ ይነገረኝ፤ መዝገብ ላይ ንብረት ሆኖ ተቀምጧል።

የአሌክሳንድሪያው፣ እሑድ ማታ
እኔ ጋራዥ ነው ያለው። ሁለት ክረምት ሙሉ መኪናዬን ውጭ አሳድሮብኛል። ያኔም ተናግሬያለሁ፤ ይኼ የጎማ ነው። የሽጉጥ ሲሊንደር፣ ማለትም አየሩን የሚይዘው ዕቃ፣ 200 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ ይኼ አሥር ሳይደርስ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የመረጠው ሰው ዛሬም ረቂቅ ይጽፋል።

ጸሐፊው፣ እሑድ ማታ
በእጅ ፓምፕ እንሞላለን ብዬ ረቂቅ 1 ላይ ጽፌ ነበር። ማን ያነባል።

አብርሽ፣ እሑድ ሌሊት
ሻጩ የላከውን ፎቶ አጉልታችሁ እዩት። ከሦስቱ በሁለቱ ሲሊንደሮች ላይ የተመታው የምርት ዓመት በፈረንጅ 2014 ነው። ብዙ አምራቾች የሚሰጡት ዕድሜ 10 ዓመት ነው። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን (አይኤስኤስኤፍ) ደንብም ቀኑን መጠበቅ የተኳሹ ኃላፊነት ነው ይላል። እዚህ ደግሞ ተኳሹ የ13 ዓመት ልጅ ነው፤ 200 ባር ፊቱ ላይ ይዞ ሊቆም ነው። አዲስ ሲሊንደር በነጻ አይመጣም፤ ዋጋው ላይ ይደመር።

ቤቲ፣ ሰኞ ጠዋት
ሦስቱም የቀኝ እጅ ናቸው?

ጸሐፊው፣ ሰኞ ጠዋት
ያገለገለ ሲሆን የተገኘው ነው የሚገዛው። አዎ፣ የቀኝ።

ቤቲ፣ ሰኞ ጠዋት
እንግዲያው ዘጠኝ ልጆች አትበል፤ ስምንት በል። የኔዋ ግራኝ ናት። ሃምሳ ዶላሬን ግን በግራ እጄም ብሰጥ ትቀበሉኛላችሁ።

ሻምበል፣ ሰኞ ቀትር
በቀኝ ትልመዳ። ሠራዊቱ ውስጥ ግራኝ ሞልቶ ነበር። ክላሹ ቀለሃውን የሚተፋው በቀኝ ነው፤ ለግራኝ ተብሎ የተሠራ አልነበረም፣ ሁሉም ለምዶ ተኩሷል። ልጅ ቶሎ ይለምዳል። በአንድ እጀታ ሳምንት መነታረክ አያስፈልግም።

ቤቲ፣ ሰኞ ቀትር
ጋሽ ሻምበል፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን አያቷም እንዲሁ ነበር ያሉት። «በግራ አትጉረሺ» እያሉ ስድስት ዓመት እጇን ከትሪው ሲመልሱ ኖሩ። አሁን በቀኝ ትበላለች፣ በግራ ትጽፋለች፣ በግራ ትወረውራለች፣ መቀስ ሲሰጧት ቆም ብላ ታስባለች። እዚህ ደግሞ ሁለተኛ ትሪ አልፈልግም።

ሚኪ ዒላማ፣ ሰኞ ማታ
የውድድር እጀታ እንደ ወታደር ሽጉጥ፣ እንደ ማካሮቭ እጀታ አይደለም። ከዋልነት እንጨት በመዳፍ ልክ የተቀረጸ ነው፤ በአንድ ጎን ለአውራ ጣት ማረፊያ አለው፣ ከታች ደግሞ የመዳፉ ጠርዝ የሚያርፍበት፣ በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል መደርደሪያ። ትናንት የራሴን በግራ ለመያዝ ሞከርኩ። መደርደሪያው ጣቶቼን ገፍቶ አወጣቸው፣ የአውራ ጣቱ ጉብታ መዳፌን ወጋኝ፣ አመልካች ጣቴ ቃታው ጋ ሲደርስ አንጓዬ ተጣሞ ነበር። የግራ ጫማ በቀኝ እግር ነው። ግን ይኼ የሚያጣላ አይደለም፤ አብዛኞቹ ላይ እጀታው ብሎን ተፈትቶ ይወጣል። አንድ የግራ እጀታ ገዝተን መቀያየር ነው። 200 ዶላር ቢሆን ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ ማታ
200 ዶላር ለአንድ ልጅ? በዚያ ስንት ቆርቆሮ ጥይት ይገዛል።

ቤቲ፣ ሰኞ ማታ
ለኮምፕሬሰሩ 600 ስትከፍል «ለስንት ልጅ» አላልክም።

የሸዋው፣ ሰኞ ማታ
ግራኝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መሣሪያ የቸገረው፣ ሃሃ።

ጸሐፊው፣ ሰኞ ማታ
ታሪክ እዚህ አይገባም። ባለፈው በዚሁ ቀልድ ነው አራት ሰው የወጣው።

የአሌክሳንድሪያው፣ ሰኞ ሌሊት
ታሪክ ካነሳችሁ ካሮሊ ታካችን አንሱ። የሃንጋሪ ወታደር ነበር፤ በፈረንጅ 1938 ላይ የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁ ላይ ፈነዳበት። በግራው ተለማምዶ በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ፣ ደግሞ በ1952 የሄልሲንኪው ላይ በፈጣን ተኩስ ሽጉጥ ወርቅ ወሰደ።

ሻምበል፣ ማክሰኞ ጠዋት
ይኸው! እጅ ይለመዳል ብያለሁ።

ቤቲ፣ ማክሰኞ ጠዋት
እሱ እጁ ስለተጎዳ ነው፤ ማኅበሩ እጀታ ስለነፈገው አይደለም።

ኢንጂነሩ፣ ማክሰኞ ቀትር
ከእጅ በፊት ዓይን ይጠየቅ። ልጅቷን በር ላይ አቁሚያትና ሁለት እጇን ዘርግታ በጣቶቿ መሐል ትንሽ ቀዳዳ ትሥራ፤ በቀዳዳው የበሩን እጀታ ትይ። ከዚያ አንድ አንድ ዓይኗን በየተራ ትጨፍን። ቀኙን ጨፍና እጀታው ካልጠፋ የሚመራው ግራ ዓይኗ ነው። በግራ የምትጽፍ ግን በቀኝ ዓይን የምታይ ከሆነች ለእርሷ የሚሻለው ሌላ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒውም የኔ ልጅ በቀኝ ይጽፋል፣ የሚመራው ግን ግራ ዓይኑ ነው፤ በማያነጣጥርበት ዓይን ፊት ትንሽ መጋረጃ አድርጌለታለሁ። ደንቡ እስከ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ይፈቅዳል።

ቤቲ፣ ማክሰኞ ቀትር
አሁን ደግሞ ሐኪም ልውሰዳት?

የሸዋው፣ ማክሰኞ ማታ
በሩ ላይ ሞከርኩት። እኔ ራሴ ግራ ዓይን ሆኜ ተገኘሁ። 41 ዓመቴ ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ ማታ
እኔም ግራ። ሚስቴ ቀኝ።

(ከዚህ በታች ያሉትን 14 መልሶች «እኔም ቀኝ»፣ «እኔም ግራ» ስለሆኑ አንሥቻለሁ። ጸሐፊው)

አብርሽ፣ ማክሰኞ ማታ
ሲሊንደሩን ያየ ሰው አለ?

ሳምሶን፣ ማክሰኞ ማታ
ሻጩ ቤት ለሥራዬ ቅርብ ነው። ነገ ሄጄ ሦስቱንም አገላብጬ አይቼ እነግራችኋለሁ።

ሻምበል፣ ረቡዕ ጠዋት
ዓይንም እጅም ሰበብ ነው። እኔ የማሠለጥናቸው እግር ከፍቶ፣ በሁለት እጅ አፍኖ፣ ትንፋሽ ይዞ መተኮስ ነው። ያኔ ቀኝና ግራ አብረው ይሠራሉ።

ሚኪ ዒላማ፣ ረቡዕ ጠዋት
ጋሽ ሻምበል፣ በዚህ ውድድር ሁለተኛ እጅ ሽጉጡን መንካት ክልክል ነው። በአንድ እጅ ብቻ ነው፤ አንጓውም ምንም ድጋፍ ሳይኖረው መታየት አለበት። ሌላው እጅ ኪስ ይገባል ወይ ቀበቶ ይይዛል፤ ተወርውሮ ትከሻውን እንዳያወዛውዝ ነው። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ቱርኩ ተኳሽ ዩሱፍ ዲኬች እጁን ኪሱ ከትቶ ሲተኩስ ዓለም ሁሉ ያወራለት ለኩራት መስሎት ነው። 60 ጥይት በ75 ደቂቃ ነው የሚተኮሰው፤ ጦርነት አይደለም፤ የማይቸኩል ሰው ነው የሚያሸንፈው።

ሻምበል፣ ረቡዕ ጠዋት
ይኼን አላውቅም ነበር።

ኢንጂነሩ፣ ረቡዕ ቀትር
ስለ እጀታ ስንጮህ ዋናውን ስተናል። ከፊትና ከኋላ ማነጣጠሪያው መሐል ያለው ርቀት 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል። የፊቱ ከኋላው ክፍተት ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዘነበል፣ 10 ሜትር ላይ ከ28 ሚሊ ሜትር በላይ ይስታል፤ ይኼ ከአሥር ሰባት ነጥብ ነው። ማነጣጠሪያዎቹ ተስተካክለው ክንዱ በሙሉ 5 ሚሊ ሜትር ወዲያ ወዲህ ቢል ግን ጥይቱም የሚስተው 5 ነው፤ አሥር ይቆጠራል። የአሥሩ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጠርዙን የነካ ያገኘዋል። ስለዚህ ልጁ ዓይኑን የፊት ማነጣጠሪያው ላይ ተክሎ ጥቁሩን ዒላማ ደብዝዞ ይየው፤ ክንዴ ተንቀጠቀጠ ብሎ ቃታውን አይንጠቀው። በማይገጥም እጀታ አንጓው ሲዞር የሚዘነበለው ማነጣጠሪያው ነው። ቤቲ ትክክል ናት፤ በዚህ ምክንያት።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ ቀትር
ለ200 ዶላር ይኼ ሁሉ ሂሳብ።

ቤቲ፣ ረቡዕ ቀትር
ተውት። ልጄን ወደ ሌላ ክለብ እወስዳታለሁ። ከዝርዝሩ አውጡን።

ሻምበል፣ ረቡዕ ማታ
ቤቲ፣ ልጄ፣ አትቀየሚ። ሐሙስ አምጫት። እጇን ሸክላ ላይ አስጨብጬ ልኩን እወስዳለሁ፤ እጀታውን እኔ እጠርባለሁ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ስንት ወንበር ጠግኛለሁ። ዋልነቱን ብቻ ግዙልኝ። ሚኪ፣ አንተ ደንቡን ንገረኝ፤ አንጓ መሸፈን የለበትም አይደል?

ሚኪ ዒላማ፣ ረቡዕ ማታ
አዎ፣ አንጓን አይደግፍም፣ እጅንም አይከብም። በሳጥን ይለካል፤ ሽጉጡ ከነእጀታው 420 በ200 በ50 ሚሊ ሜትር ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። ክብደቱም ከ1,500 ግራም አይበልጥ።

ቤቲ፣ ረቡዕ ማታ
ሐሙስ እናመጣታለን። ጋሽ ሻምበል፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ ማታ
ዋልነቱ ስንት ነው?

የአሌክሳንድሪያው፣ ሐሙስ ጠዋት
እጀታ በነጻ ከተገኘ ሽጉጡ ለምን ይወደዳል? ሲሊንደር የሌላቸው፣ ለእያንዳንዱ ተኩስ የሽጉጡን ማመቂያ ክንድ አንድ ጊዜ ከፍቶ በመዝጋት አየሩን የሚያምቁ አሉ። የሩስያው ባይካል እንዲያ ነው፤ ፓምፕ የለ፣ ኮምፕሬሰር የለ፣ ቀን ማለፍ የለ።

ኢንጂነሩ፣ ሐሙስ ጠዋት
የ12 ዓመት ልጅ ያን ክንድ 60 ጊዜ ከፍቶ ይዘጋል? በሃያኛው የሚተኩስበት ትከሻ ያልቃል። አባት አጠገብ ቆሞ ካላመቀለት አይሆንም።

የሸዋው፣ ሐሙስ ጠዋት
አባቶች ደግሞ ሐሙስ ማታ ሥራ ላይ ናቸው።

ጸሐፊው፣ ሐሙስ ቀትር
ሳምሶን፣ ሻጩ ጋ ሄድክ?

ጸሐፊው፣ ዓርብ ጠዋት
ሳምሶን?

ገንዘብ ያዥ፣ ዓርብ ማታ
ትናንት ማታ አዳራሹ ነበርኩ። ሚኪ ያመጣውን ሽጉጥ ቃታ መዘንን። ደንቡ ቃታው ሳይለቅ ቢያንስ 500 ግራም ይሸከም ነው የሚለው፤ ሚዛን ስላልነበረን ግማሽ ሊትር ውኃ በክር ቃታው ላይ አንጠልጥለን አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገን አነሣነው። አልተተኮሰም፤ አለፈ አልን። ኢንጂነሩ ጠርሙሱም ሚዛን አለው፣ ስለዚህ ከ500 በላይ ነው የያዘው፣ ይበልጥ አለፈ አለ። ሃያ ደቂቃ በዚህ ሄደ። የቤቲ ልጅ ግን ያለ ጥይት ነጭ ግድግዳ ላይ ስታነጣጥር አየኋት፤ ማነጣጠሪያው ሲዛነፍባት ሳትተኩስ ዝቅ አድርጋ እንደገና ታነሣለች። ከእኛ ማንም እንደዚያ አይታገሥም። ሻምበል ሸክላውን አስጨብጠዋታል። ዋልነቱ 38 ዶላር ነው፤ ደረሰኙ እኔ ጋ ነው።

የሸዋው፣ ዓርብ ማታ
ገንዘቡ ካልሞላ ለምን ውድድር አድርገን አንሰበስብም? የካቲት 23 የዓድዋ ቀን ሁሉም ሰው ይመጣል። አሥር ተኩስ በአምስት ዶላር። ያልተኮሰ እንኳ «ዘራፍ» ብሎ ይከፍላል።

ቤቲ፣ ዓርብ ማታ
ቡናውን እኛ እናፈላለን። ቲሸርትም እናሠራ።

ገንዘብ ያዥ፣ ዓርብ ማታ
ይኼ የመጀመሪያው ጥሩ ሐሳብ ነው።

ሚኪ ዒላማ፣ ዓርብ ሌሊት
ለማያውቅ ሕዝብ ከሆነ መነጽር ለሁሉም፣ ከዒላማው ጀርባ ጥይት የሚይዝ ሳጥን። የእርሳስ ጥይት ብረት ላይ ካረፈ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ እጅ መታጠብ፤ በእርሳስ እጅ ዳቦ አይቆረስም።

የሸዋው፣ ቅዳሜ ጠዋት
ለሕዝብ የወረቀት ዒላማ አይታይም። ፊኛ ይሁን። ሲፈነዳ ሰው ያጨበጭባል።

ጸሐፊው፣ ቅዳሜ ቀትር
ረቂቅ 3፦ አንድ ሽጉጥ (ሦስተኛው፣ ቀኑ ያላለፈው፣ ከሻጩ ጋር ከተስማማን)፣ አንድ የግራ እጀታ በሻምበል፣ 60 ቲሸርት፣ 200 ፊኛ፣ መነጽር፣ ቡና። ቀኑ የካቲት 23።

አብርሽ፣ ቅዳሜ ቀትር
የሦስተኛውን ሲሊንደር ቀን ማን አየው? ፎቶው ላይ አይነበብም።

ቤቲ፣ ቅዳሜ ቀትር
የሚያዝያው ውድድርስ?

ጸሐፊው፣ ቅዳሜ ማታ
ረቂቅ 4 ላይ ይገባል። የቲሸርቱ ቀለም እስከ ማክሰኞ ይወሰን።

የአሌክሳንድሪያው፣ ቅዳሜ ማታ
200 ፊኛ በአፍ አይነፋም። ኮምፕሬሰሩ ፊኛ ይነፋል። ነገ እስከ ቀትር ቤት ነኝ፤ ማንም መጥቶ ካልወሰደው መንገድ ዳር አወጣዋለሁ።