ልጁ የጻፈው ድራማ የራሱ ቤት ነው፤ ለወላጆች ቀን ይታይ ወይስ ይቅር?

የአማርኛ መምህርት (ጉለሌ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛና 8ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ከትምህርት በኋላ ደግሞ የድራማ ክበብ አለኝ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት። ክበቡ ዘንድሮ 2 ዓመቱ ነው። 17 ልጆች አሉኝ።

የጀመርኩት ተሰጥኦ ፍለጋ አይደለም። ከትምህርት ቤታችን በር ወጥታችሁ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ከሱ ቀጥሎ ቤቲንግ ቤት። ትንሽ ከፍ ስትሉ መጋረጃ የተጋረደበት ጫት ቤት። አብዛኞቹ እናቶች ከሥራ የሚገቡት ማታ 1 ሰዓት፣ 2 ሰዓት ነው። ከ9 ሰዓት ተኩል እስከዚያ ያለውን ጊዜ የሚጠብቀው ሰው የለም። ልጆቻችንን የምናጣው በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ክበቡ የጠራኋቸው ጎበዝ አንባቢዎቹን ሳይሆን ስም ሲጠራ የማይገኙትን ነው።

አዳራሽ የለንም። ምገባ የሚካሄድበት ክፍል ውስጥ አግዳሚዎቹን ገፋ አድርገን እንለማመዳለን። ዳቦና ሻይ አቀርባለሁ፤ ምክንያቱም በባዶ ሆድ ድምፅ አይወጣም። ሴቶቹን ሳይመሽ ለመልቀቅ 11 ሰዓት ላይ የግድ እንዘጋለን።

አንድ ነገር አይቻለሁ። እኔ ቀሪ ብዬ ስመዘግበው ምንም የማይመስለው ልጅ፣ ጓደኞቹ «ትናንት አንተ ጋ ስንደርስ ቆምን እኮ» ሲሉት አንገቱን ይደፋል። በሚቀጥለው ቀን ቀድሞ ይመጣል። ሰው እየጠበቀው መሆኑን ከዚያ በፊት የነገረው የለም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ አለ። ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ቅዳሜና እሑድ ታክሲ ላይ ረዳት ነው። በክበቡ ውስጥ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ዝም ብሎ ወንበር ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ነው የቆየው። ከሁለት ሳምንት በፊት «በር ሲንኳኳ» በሚል አጭር ትዕይንት ጻፉ አልኳቸው። ሌሎቹ ግማሽ ገጽ ጻፉ። እሱ አራት ገጽ አመጣ።

አባት ሰክሮ ይመጣል። ልጁ ከበሩ አመታት ብቻ አባቱ ምን ያህል እንደጠጣ ያውቃል። ሁለቴ ከመታ ደህና ነው። በእግሩ ከመታ ታናሽ እህቱን አልጋ ሥር ይከታታል። እናት «ራት ቀርቧል» ትላለች፤ ከዚህ ሌላ ቃል የላትም። ትዕይንቱ ውስጥ ያለችው እህት ስሟ የገዛ እህቱ ስም ነው።

ልጆቹ ለወላጆች ቀን ይህ ይታይ ብለዋል። እሱም ይፈልጋል። ለብቻችን ስንሆን «አባዬ መጥቶ ቢያየው ነው የምፈልገው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ብከለክለው እንደገና ዝም የሚል ይመስለኛል። ብፈቅድለትስ? የሠራችሁበት ሰዎች ምከሩኝ።

የድሮ የክበብ ልጅ (አዳማ)፦

ቲቸር፣ እባክሽ አታሳዪው።

እኔ በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበብ ልጅ ነበርኩ። ያኔ በየትምህርት ቤቱ ነበር። እናትና አባቴን በበሽታው አጥቼ አያቴ ጋ ነበር የማድገው። በድራማው ወላጅ አልባውን ልጅ እንድጫወት የተመረጥኩት እኔ ነኝ። «ከልቡ ይጫወተዋል» ተባለ። እውነት ነው፣ ከልቤ ተጫወትኩት። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። እንግዳ ሆነው የመጡት ሰዎች አቀፉኝ። በማግስቱ ሰልፍ ላይ ስሜ ተቀይሮ ጠበቀኝ። እስክጨርስ ድረስ በዚያ ስም ነው የተጠራሁት። ስሙን ዛሬም መጻፍ አልፈልግም።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መምህር መጣና ዳኛ ሆነህ ተጫወት አለኝ። ጥቁር ካባ ከሆነ ሰው ለምኖ አመጣልኝ። ስገባ መድረኩ ላይ ያሉት ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቲቸር፣ 14 ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ማንም ተነሥቶልኝ አያውቅም። ቤት ሄጄ ለአያቴ የፍርዱን ቃል በሙሉ አነበነብኩላት። እኔን ያቆመኝ ያኛው ነው።

ልጁ ቁስሉን ብቻ ይዞ እንዳይታወቅ። ሌላ ሰው መሆንም ያምረዋል፤ አልጠየቅሽው ይሆናል እንጂ።

የቴአትር አሠልጣኝ (ባሕር ዳር)፦

መምህርት፣ በመጀመሪያ አድናቆቴን ልግለጽ። ዳቦና ሻይ ያልሽው ነገር ብዙ ፕሮጀክት የሚረሳው ነው።

ከላይ ያለው ወንድሜ ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ መክተት ራሱ መልስ ነው። ልጁ አራት ገጽ ጽፎ «አይሆንም» ብቻ ከሰማ፣ ቤቱ ውስጥ የለመደውን ዝምታ እናንተም ጋ አገኘው ማለት ነው። ስለዚህ ታሪኩ ይቆይ፤ ግን የእሱ መሆኑ ይቅር። የክበቡ ይሁን።

እኔ የምሠራበት መንገድ ፎረም ቴአትር ይባላል። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ነው ያዳበረው። ትንሽ ትዕይንት ትሠራላችሁ። ችግሩ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ በክፉ ያልቃል። ከዚያ ከመጀመሪያው ትደግሙታላችሁ። በዚህኛው ዙር ተመልካች «አቁሙ!» ማለት ይችላል። ተነሥቶ ይመጣና የተበደለውን ሰው ቦታ ወስዶ ሌላ ነገር ይሞክራል። የበዳዩን ቦታ መውሰድ አይቻልም። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ደንብ ላይ ነው። አባትየውን በአንድ ጊዜ ደግ አድርጎ መገላገል ቀላል ነበር። ቤት ውስጥ ግን እንደዚያ የሚሆን የለም። ልጁ፣ እናቲቱ፣ ጎረቤቲቱ ምን ማድረግ ይችላሉ? ጥያቄው እዚያ ላይ ነው የሚቆየው።

ለዚህ ደግሞ ታሪኩ ከቤቱ መውጣት አለበት። ይህ በኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1910ዎቹ ሲቀርብ፣ የዘመኑን ሹማምንት ጉድለት በእንስሳት አፍ ነው ያስነገረው። ስም አልተጠራም፤ ሆኖም ተመልካቹ ገብቶታል። ልጆችሽን «ይህ ነገር ቤት ውስጥ ባይሆን የት ሊሆን ይችላል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ጫካ ይበሉ፣ ገበያ ይበሉ፣ ጠፈር ይበሉ፣ ተያቸው። መልሱ ግን ከልጁ ቢመጣ ይሻላል።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ 100 ያህል የጎዳና ልጆችን ለትልቅ መድረክ አሠልጥኗል። የተሰጣቸው ከኦርኬስትራና ከመዘምራን ጋር የተደረሰ ከባድ የሙዚቃ ሥራ እንጂ የራሳቸው የጎዳና ታሪክ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተመሠረተ። ከአዱኛ ልጆች አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በዓለም መድረክ የሚታወቅ ኮሪዮግራፈር (የዳንስ አቀናባሪ) ሆኗል። እነዚያ ልጆች እንዲታዘንላቸው አልተጠየቀም። ከባድ ነገር ተሰጣቸውና ይችሉታል ተባለ።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፦

ጓዶች፣ ስለ መድረኩ ብዙ አወራን። ቤት ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ አልጋ ሥር ትገባለች። እሱ ይቅደም።

እህቴ፣ አባትየው አዳራሽ ውስጥ በጎረቤት ፊት ራሱን ቢያይ፣ በዚያ ምሽት ቤት ገብቶ ማንን ነው የሚጠይቀው? እናቲቱን ነው። ልጁ ይህን አላሰበው ይሆናል፤ ልጅ ነው።

ለልጁ «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ። «ብቻዬን አልችለውም፣ የሚችል ሰው እንጠይቅ፣ ለማን እንደምነግር ግን ቀድሜ እነግርሃለሁ» በይው። እናቲቱን ለብቻዋ አግኚያት፤ ትምህርት ቤት ጠርተሽ እንጂ ቤቷ ሄደሽ አይደለም። ወረዳችሁ ላይ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ። ፖሊስ ጣቢያም ለሴቶችና ለሕፃናት የተመደበ ክፍል አለው። አራቱን ገጽ ደግሞ ለሌላ መምህር አታሳዪ። የእህቲቱ ስም ያለበትን ወረቀት በተለይ።

አባት፦

እኔ እጠጣ ነበር። አሁን ትቻለሁ፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ልጄ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ቢያሳየኝ ኖሮ አላለቅስም ነበር። እናደድ ነበር። እልህ ይዞኝ ያን ቀን የባሰ እጠጣ ነበር። እኔን የመለሰኝ ልጄ በሩን ከፍቶልኝ፣ ጫማዬን አውልቆልኝ፣ ፊቴን ሳያይ መሄዱ ነው። መምህርቷ ሆይ፣ ልጁን አደራ።

የአማርኛ መምህርት (ጉለሌ)፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊት ላይ እየደጋገምኩ አነበብኳችሁ።

መጀመሪያ ከልጁ ጋር ተቀመጥኩ። ዝም ብሎ ሰማኝና «እማዬን ነው የሚጠይቃት» አለ፤ እኔ ሳልጨርስ። ከዚያ እናቱን አገኘኋት። ስለ ቤቱ ጉዳይ እዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ብቻ አሁን የማውቀው እኔ ብቻዬን አይደለሁም፤ የሚመለከታቸው ሰዎች ይዘውታል።

ድራማውን በተመለከተ፣ የባሕር ዳሩን ወንድሜን ጥያቄ ማክሰኞ ዕለት ለክበቡ አቀረብኩ። ቤት ባይሆን የት? አንዷ ጫካ አለች። አንዱ እስር ቤት አለ። ልጁ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ «ታክሲ» አለ።

ሹፌሩ ጠጥቷል። ተሳፋሪው ሁሉ አይቷል። ማንም አይናገርም። ሹፌሩ መሄጃቸውን አልፎ ይነዳል፤ አንዲት እናት ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ትላለች። መጨረሻ ላይ መኪናው ይጋጫል። ሁለተኛው ዙር ላይ ተመልካቹ ለማስቆም «አቁሙ» ማለት አያስፈልገውም፤ «ወራጅ አለ!» ይላል። ይህንን ያመጣው እሱ ነው። ክበቡ በሙሉ ብድግ ብሎ ጮኸ። እኔም ጮህኩ።

የአዳማውን ወንድሜን ምክርም አልረሳሁም። «አንተ ማንን መሆን ትፈልጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ረዳት ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ትራፊክ ፖሊስ አለ። ነጭ ኮፍያ በካርቶን ሠርተንለታል። መኪናው ከተጋጨ በኋላ የሚመጣ ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ ስለሚገባ ቀሪውን ጊዜ ከፊት ቆሞ ሌሎቹን ያዘጋጃል። «አንቺ ቶሎ አትፍሪ፣ መጀመሪያ መስኮቱን እዪ» ይላታል አንዷን። ያ ዝምተኛ ልጅ ነው እንዲህ የሚለው።

ሐሙስ ዕለት የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን ጋብዘን ሞከርነው። መጀመሪያ የተነሣው ልጅ «ወራጅ አለ» ሲል ሹፌሩ ዝም ብሎ ነዳ። ሁለተኛዋ ሹፌሩን መከረችው፤ ሰደባት፣ ነዳ። ሦስተኛዋ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ሹፌሩን አላናገረችም። ወደ ኋላ ዞራ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በጆሮው አንሾካሾከች። ከዚያ አሥራ አንዱም በአንድ ድምፅ «ወራጅ አለ!» አሉ። ሹፌሩን የሚጫወተው ልጅ ደነገጠና ፍሬን ያዘ። ትራፊክ ፖሊሱ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ግድግዳው ጋ ቆሞ ቀረ፤ አደጋ ስላልደረሰ መግቢያው አልመጣለትም። እየሳቀ ነበር።

የወላጆች ቀን ሊደርስ 16 ቀን ቀርቶናል። አሁን አንድ ነገር ብቻ ቸግሮናል። አግዳሚዎቹ ለታክሲ አልተመቹም። አሮጌ የሚኒባስ ወንበር የሚሰጥ ወይም የሚያውስ ጋራዥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ሦስት ወንበር ቢገኝ ይበቃናል። እኔ መጥቼ አነሣዋለሁ።