ለቆቅና ለጅግራ የአየር ጠመንጃ፦ 4.5 ወይስ 5.5?

የባሶና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የቤተሰብ መሬታችን ባሶና ወራና ነው። የአየር ጠመንጃ ልገዛ ነው። ካሊበሩ (የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት) ላይ ግን መወሰን አቃተኝ፤ 4.5 ሚሊሜትር ይሻላል ወይስ 5.5?

የምፈልገው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጎተራ ገብቶ ገብሳችንን ለጨረሰው አይጥ። ሁለተኛው፣ የአደን ፈቃዱ ካለቀልኝ፣ ከገደሉ አፋፍ ለሚወጣው ቆቅ። አልፎ አልፎም ሸዋ ሮቢት አጎቴ ዘንድ ስወርድ ጅግራ አለ። አንዱ ጓደኛዬ «6.35 ግዛና ተገላገል» ይለኛል። ሌላው «ከ4.5 ውጪ ጥይት አታገኝም» ይላል። እኔ ያሰብኩት ባለ ሞላውን (ባለ ስፕሪንጉን)፣ አፈሙዙ እየታጠፈ የሚጎርሰውን ነው።

ዋናው ጭንቀቴ አቁስዬ ገደል እንዳልሰደው ነው። ወፉ ተሰቃይቶ እንዲሞት አልፈልግም። የአፋፉን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ከጣርማ በር

ልጄ፣ ለቆቅ ከሆነ 5.5 ግዛ። ምክንያቱን ልንገርህ።

የባለ ሞላ ጉልበት የተወሰነ ነው። 16 ጁል ገደማ የሚያወጣ መካከለኛ ጠመንጃ እንውሰድ። በ4.5 ግማሽ ግራም ያህል እርሳስ በሰከንድ ወደ 250 ሜትር ይልካል። በ5.5 ደግሞ አንድ ግራም ያህሉን በ180 አካባቢ። ጉልበቱ እኩል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሥጋ ላይ ሲያርፍ ነው። ትንሿ ጥይት ቀጭን ቀዳዳ ሠርታ ልታልፍ ትችላለች፤ ቆቁም ብድግ ብሎ ገደል ይገባል። ሰፊዋ ጉልበቷን እዚያው ትጥላለች። ቆቅ ጠንካራ ወፍ ነው። ትልቁ ወንድ ከአንድ ኪሎ ያልፋል። ጅግራም እንደዚያው ነው፣ ላባውም ወፍራም ነው።

5.5 የሚያስከፍልህ ነገር አለ። ቶሎ ይወርዳል። 30 ሜትር ላይ አወራረዱ ከ4.5ቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ርቀት መገመት የግድ ትለምዳለህ። በ10፣ በ20፣ በ30 ሜትር ወረቀት ላይ ተኩስና የት እንደሚያርፍ ጻፍ። አምስት ጥይት በተከታታይ በአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ውስጥ ካላስገባህ ያ ርቀት ገና ያንተ አይደለም፤ ቀረብ በል። የቆቅ ራስ ከዚያ አይበልጥም። ነፋስ እንደሆነ ሁለቱንም ይገፋቸዋል፤ አፋፉ ላይ ሲነፍስ አለመተኮስ ነው።

ስለ ርቀት እንዲህ የማጠብቅብህ ሌላም ምክንያት አለኝ። ቆቁ ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው። ከሩቅ መትተኸው ገደል ሥር ከወደቀ፣ ዞረህ እስክትወርድ አለቀለት። አንተም አትበላው፣ እሱም በከንቱ ሞተ። ስለዚህ ከ30 ሜትር በላይ አትሞክር። ሮጠህ የምትደርስበት ቦታ ላይ ሲሆን ብቻ ተኩስ። ቢላህ ከኪስህ አይጥፋ፤ በስመ አብ ብለህ ቶሎ ባርከው። ስትበልተውም ጥይቱ ያረፈበትን ሥጋ ዙሪያውን ቆርጠህ ጣል። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ለልጆች።

ጠመንጃውን ጨምቀህ አትያዝ። ባለ ሞላ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይነቀነቃል፤ በመዳፍህ ላይ ልቀቅ አድርገህ አስቀምጠው። ያለ ጥይት ባዶውን አትተኩስ፣ ውስጡ ይጎዳል።

መንዜው

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን 4.5ን እንዲህ ባንጥለው። ለጀማሪ ርቀት መሳት ትልቁ ችግር ነው። 4.5 ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ አምስት ሜትር ብትሳሳት እንኳ ከራስ አይወጣም። ራስ ላይ ካረፈ ደግሞ ለቆቅ 4.5 ይበቃል። ለጎተራው አይጥማ ከበቂ በላይ ነው። በቅርብ ስለሆነ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነውን ጥይት ተጠቀም። ለውጪ ግን ክብ አናት ያለውን።

ፈቃዱን ማንሳትህ ደስ ብሎኛል። የዱር እንስሳት አዋጅ 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደን ከልክሏል። የጦር መሣሪያ አዋጁም 1177/2012 አለ። «የአየር ነው» ብለህ አታቃልለው። ከሩቅ ለሚያይህ ሰው ጠመንጃ ጠመንጃ ነው፣ በተለይ በዚህ ጊዜ። ቀበሌውም ጎረቤቱም አስቀድሞ ይወቅ። እኛ ጋ ከመጣህ ደግሞ ጓሳ ጥብቅ ነው፣ እዚያ አይታሰብም።

የባሶና ልጅ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የበክቱን ነገር ከርቀቱ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። ጋሼ፣ 6.35ስ? ማነጣጠሪያውን እዚህ አስተካክዬው ሮቢት ብወርድ ያው ይመታልኛል?

ከጣርማ በር

6.35 ለባለ ሞላ አይሆንም። ያው 16 ጁል አንድ ግራም ተኩል የሚያልፍ እርሳስ ሲገፋ ፍጥነቱ 140 ገደማ ይቀራል። አወራረዱ ያስቸግርሃል። እሱ የታመቀ አየር ላላቸው ጠመንጃዎች ነው። እነሱ 200 ባር ግፊትና ከዚያ በላይ የሚሞላ ፓምፕ ይፈልጋሉ፤ የብስክሌት ፓምፕ አይነካውም። የት ልታስሞላው ነው?

ሮቢት ስትወርድ ግን እንደገና አስተካክል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ባለ ሞላ የሚተኩሰው ከሞላው ፊት ባለው ሲሊንደር ውስጥ ያለውን አየር አምቆ ስለሆነ ደጋ ላይ ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ስሱ አየር ጥይቷን በመንገድ ብዙ አይዛትም። ሮቢት 1,300 ገደማ ነው፤ እዚያ ሁለቱም ይለወጣሉ። ደርሰህ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሞክር፣ ከዚያ ጅግራውን ፈልግ።

መንዜው፣ ለአይጡ 4.5 ይበቃል ባልከው እስማማለሁ። ግን ሁለት ጠመንጃ ካልገዛ 5.5ም አይጥ ይገድላል፤ 4.5 ግን ደረት ላይ ካረፈ ቆቁን አቁስሎ ይለቀዋል። ልጁ የጠየቀው ደግሞ እንዳይቆስል ነው።

የጀማ ዳር

ካሊበሩን ተውትና የትኛው ቆቅ እንደሆነ መጀመሪያ እዩ። ጀማ ሸለቆና ገባር ወንዞቹ ዳር የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የሌለ ቆቅ አለ። የውጪ ሰዎች የሃርዉድ ፍራንኮሊን ይሉታል። ቁጥሩ አነስተኛ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምንቃሩና የዓይኑ ዙሪያ ቀይ ነው፣ ደረቱ ላይ ቅርፊት የመሰለ ነጣ ያለ መስመር አለው። አፋፉ ላይ በብዛት የምታዩት ትልቁ ቆቅ ግን ምንቃሩ ጥቁር፣ አናቱ ቡናማ፣ እግሩ ቢጫ ነው። ቀይ ምንቃር ካያችሁ እባካችሁ አትተኩሱ። እኛ ልጆች ሳለን እዚህ ዳር ጠዋት ጠዋት ድምፁን እንሰማው ነበር፤ ልጆቼም እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

የባሶና ልጅ

ይህን ባትነግረኝ ላላውቅ ነበር። የእኛ መሬት ውሃው በበሬሳ አድርጎ ወደ ጀማ ነው የሚሄደው። የሁለቱም ፎቶ ካለህ እዚህ ለጥፍልኝ፤ ለወንድሞቼም አሳያቸዋለሁ። ጠመንጃው 5.5 ሆኗል።