ስድስት ዴክ አለኝ፤ የትኛውን ለምን ልጠቀም?

ጨረቃ_18

ሰላም ለሁላችሁ፤ እህታችሁን በአንድ ነገር አግዙኝ። በእጄ ስድስት ዴክ (ለንባብ የምዘረጋቸው የታሮትና መሰል የካርድ ስብስቦች) አለ፦ ሁለት የራይደር ዌይት ዓይነት (አንዱ በጥንቱ ሥዕል፣ ሌላው በዘመናዊ ሥዕል)፣ አንድ ማርሴይ፣ አንድ ቶት፣ አንድ ሌኖርማንድ፣ አንድ ደግሞ 44 ካርድ ያለው ኦራክል። ለምንጠይቀው ነገር የትኛውን ማንሣት እንዳለብኝ በምን ልለይ? ትርጉማቸው ሲጋጭስ የቱን ልያዝ? ለምሳሌ 7 ፔንታክል (የሳንቲም ወገን ሰባት ቁጥር) በአንዱ ትዕግሥት ነው፣ በሌላው ውድቀት። ሰባተኛ ልጨምር እያሰብኩም ስለሆነ ከመግዛቴ በፊት ምን ልመርምር? «ልብሽ የወደደውን ያዢ» የሚለውን ምክር ሰምቻለሁ፤ ከዚያ አለፍ ያለ፣ የሚጨበጥ ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ብላቴና_ዘሰይፍ

ስድስቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጡን ተዪው። ከነሱ ውስጥ ታሮት የሚባሉት አራቱ ብቻ ናቸው። ታሮት 78 ካርድ ነው፤ 22ቱ ሜጀር አርካና (እንደ ፍትሕና ሞት የየራሳቸው ስም ያላቸው)፣ 56ቱ ማይነር አርካና፤ ማይነሩ አራት ወገን (በትር፣ ጽዋ፣ ሰይፍ፣ ፔንታክል) ሲሆን በየወገኑ 14 ካርድ አለ። ሌኖርማንድ 36 ካርድ ብቻ ያለው፣ የራሱ አነባበብ ያለው ሌላ ነገር ነው። አንዱ ካርድ ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ ከጎኑ ካለው ጋር ሲገጥም ነው ዐረፍተ ነገር የሚሆነው። ኦራክል ደግሞ የካርዱን ብዛትም ሥርዓቱንም አዘጋጁ እንደፈለገ ስለሚያወጣው፣ አብሮት ከሚመጣው መጽሐፍ ውጪ ሰው ሁሉ የሚስማማበት ትርጉም የለውም። ሁለቱን ለይተሽ አስቀምጪያቸው፤ ከታሮቶቹ ጋር አይወዳደሩም።

የቀሩት አራቱ ከሦስት ቤተሰብ ናቸው፤ ግጭቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ታሮት በ15ኛው መቶ ዓመት ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ለጨዋታ የተሠራ ካርታ ነበር፤ ለጥንቆላ በሰፊው መዋል የጀመረው በ18ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ማርሴይ የዚያ የጨዋታ ካርታ ወራሽ ስለሆነ ከ1 እስከ 10 ባሉት ማይነሮች ላይ ታሪክ የሚናገር ሥዕል የለም። 5 ጽዋን ስታወጪ የምታዪው አምስት የተደረደሩ ጽዋዎችንና የአበባ ጌጥ ብቻ ነው፤ ትርጉሙን ከቁጥሩና ከወገኑ አንቺ ታወጪዋለሽ።

ራይደር ዌይት እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ የወጣ ነው፤ ሐሳቡ የአርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ሥዕሉ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ። እዚህ 5 ጽዋ ላይ ጥቁር ካባ የደረበ ሰው አንገቱን ደፍቶ የተደፉትን ሦስት ጽዋዎች ያያል፤ ሁለቱ ከኋላው ሳይነኩ ቆመዋል፤ ራቅ ብሎ ድልድይ አለ። ኀዘኑም፣ የተረፈውም፣ መሻገሪያውም እዚያው ተሥሏል።

ቶት አሌስተር ክራውሊና ፍሪዳ ሃሪስ ከ1938 እስከ 1943 የሠሩት ነው፤ በካርድ መልክ የታተመው በ1969 ነው። ቁጥር ባላቸው ማይነሮች ላይ ቃል ተጽፎባቸዋል። ወደ 7 ፔንታክል ስንመጣ (ቶት ዲስክ ይለዋል)፣ ዌይትም ክራውሊም ጎልደን ዶውን የተባለው የአስማት ማኅበር አባላት ነበሩ፤ በዚያ ማኅበር የካርዱ ስም «ያልሞላ ስኬት» ነው። ስሚዝ መሣሪያውን ተደግፎ ያፈራውን የሚያይ ሰው ሣለች፤ ሥራው አልከሸፈም፣ ገና አልተሰበሰበም። ክራውሊ «ያልሞላ» የሚለውን አጥብቆ «ውድቀት» አለው። አየሽ፣ የአንድ ሐሳብ ሁለት ጫፍ ናቸው። ስለዚህ ካርዱ ከወጣበት ዴክ ትርጉም አትውጪ፤ የሁለቱን አማካይ ለማውጣት ስትሞክሪ ነው ንባቡ የሚላላው።

ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሰናከላል። አንዱ 8 እና 11 ቁጥር ነው። በማርሴይ 8 ፍትሕ፣ 11 ብርታት ነው፤ ራይደር ዌይት አለዋወጣቸው። ቶት የድሮውን ቁጥር ይዞ ስማቸውን ቀየረ። የልደት ካርድሽን ለማግኘት የልደት ቀንሽን ቁጥሮች ደምረሽ 8 ላይ ከደረስሽ እንደ ዴክሽ ወይ ፍትሕ ወይ ብርታት ይወጣልሻል ማለት ነው። ሌላው የቤተ መንግሥት ካርዶቹ ናቸው። በራይደር ዌይት ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ፈረሰኛ፣ ብላቴና ናቸው። ቶት ፈረሰኛ፣ ንግሥት፣ ልዑል፣ ልዕልት አለው፤ ንጉሥ የሚባል የለም። ብዙዎች የቶትን ፈረሰኛ በንጉሡ ቦታ፣ ልዑሉን በራይደር ዌይቱ ፈረሰኛ ቦታ ያነቡታል። ፈረስ ላይ ስላየሽው ብቻ አንድ ካደረግሻቸው የሰውየው ዕድሜና ሥልጣን ይገለበጥብሻል።

ለምን ምን ይሁን ካልሽ፣ ሰዎች ያሉበትንና ገና ያልለየለትን ጉዳይ (ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ጠብ) በራይደር ዌይት አንብቢ። ጥያቄው አጭርና ቁርጥ ያለ ሲሆን ማርሴይን በሦስት ካርድ መስመር ዘርጊ፤ ሥዕሉ ስለማያዋራሽ መልሱም አይንዛዛም። ቶትን ለራስሽ ያዢው። ሌላ ሰው ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ 9 ሰይፍ ላይ «ጭካኔ»፣ 10 ሰይፍ ላይ «ጥፋት» የሚል ቃል ካነበበ፣ አፍሽን ሳትከፍቺ ንባቡ አልቋል።

ከሁለቱ ራይደር ዌይቶች አንዱን ለመምረጥ 2 ሰይፍ፣ 6 ሰይፍ፣ 7 ሰይፍ፣ 5 ጽዋ፣ ግንብ፣ ዲያብሎስ እና አራቱን ፈረሰኞች ከሁለቱም አውጪና ጎን ለጎን አስቀምጪ። 6 ሰይፍን ቀረብ ብለሽ እዪው። በስሚዝ ሥዕል ጀልባ ቀዛፊው ከኋላ ቆሟል፣ የተከናነበች ሴትና ልጅ ከፊቱ ተቀምጠዋል፣ ስድስቱ ሰይፎች ጀልባው ላይ ተተክለዋል፣ ውኃው በአንድ ጎን ሞገድ አለው፣ በሌላው የረጋ ነው። ዘመናዊው ዴክ ሰይፎቹን ከጀልባው አውርዶ ሰማይ ላይ ከበተናቸው «ሸክሙን ይዞ መሻገር» የሚለው ትርጉም ጠፍቷል፤ አንድ ሰው ብቻ ከተሣለ «የሚያሻግር አለ» የሚለው ጠፍቷል። ከአሥሩ በሦስት ወይም በአራቱ ላይ እንዲህ ያለ ክፍተት ካገኘሽ ያ ዴክ ለዕይታ ያምር እንጂ ለዋና ንባብ አይሆንም።

ወረቀትና_ቀለም

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ዕቃው ነው። ዴክ ሳጥን ውስጥ ተረስቶ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በትርጉሙ ሳይሆን እጅ ላይ ስለማይመች ነው።

የተለመደው የታሮት መጠን ወደ 70 በ120 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፖከር ካርታ 63 በ88 ነው። የካርዱን ውፍረት በ78 አባዢ፦ 0.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዴክሽ 23 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ 0.4 ከሆነ 31። ሠላሳ አንዱን ትንሽ እጅ ይዞ መበወዝ አይችልም፤ ለሁለት ከፍሎ እየበወዙ ማቀላቀል ግድ ይሆናል። ሻጭ «ወፍራም ወረቀት» ብሎ ሲያሞግስ ይህን አስቢ።

አበዋወዙም ከዴክ ዴክ ይለያል። ሁለት ግማሽ አድርጎ ጫፍ ለጫፍ እያንጠባጠቡ መበወዝ ለ52 ካርድ 7 ጊዜ ይበቃል የሚባለው ስሌት የታወቀ ነው፤ ለ78 ወደ 9 ጊዜ አድርጊው። በእጅ ከላይ ወደ ታች እየጣሉ መበወዝ ግን ካርዶቹን በክምር በክምር ስለሚያንቀሳቅስ በጣም አዝጋሚ ነው፤ ባለፈው ንባብ ጎን ለጎን የነበሩ ካርዶች ዛሬም አብረው የሚወጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ወፍራምና ጠንካራ ለሆነው ዴክ የሚሻለው ጠረጴዛ ላይ በሙሉ በትኖ በሁለት መዳፍ አንድ ደቂቃ ያህል ማማሰል ነው። ካርዱ አይታጠፍም፣ የተገለበጠና ያልተገለበጠውም በደንብ ይደባለቃል።

ተገልብጦ (አናቱ ወደ ታች ሆኖ) የሚወጣን ካርድ የምታነቢ ከሆነ ጀርባውን እዪ። የጀርባው ሥዕል ላይና ታች ካለው ካርዱን ሳትገልጪ መገልበጡን ታውቂዋለሽ፤ ሳታስቢውም እጅሽ ይመርጣል። ለእንዲህ ያለ ንባብ ከየትም ጫፍ ቢታይ አንድ የሆነ ጀርባ ያስፈልጋል። ከስድስቱ አንዱ እንዲህ ካልሆነ ሁሉንም ቀና አድርገሽ የምታነቢበት ዴክ አድርጊው።

ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተቀባ ዴክ አዲስ ሲከፈት ካርዶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በኃይል ከበወዝሽ ቀለሙ ይላጥና በተላጠው ጠርዝ ካርዱን ሳትገልጪ መለየት ትጀምሪያለሽ። መጀመሪያ አንድ በአንድ ለይተሽ ጠርዙን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። የሚያብረቀርቅ ሽፋን መብራት ያንጸባርቅና ቁጥሩን ይሸፍናል፤ ደብዘዝ ያለው ለዓይን ይቀላል፣ ግን የእጅ ወዝ ቶሎ ይታይበታል።

ጠርዝ_አልባ

ለሰባተኛው እነዚህን እዪ። ሻጩ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ኮከብን፣ ጨረቃንና ንግሥቶቹን ነው፤ አንቺ ግን 78ቱንም ካላየሽ አትግዢ። ሠዓሊው የደከመው 4፣ 5 እና 8 ቁጥር ማይነሮች ላይ ይታያል። አራቱን ፈረሰኞች ስማቸውን ሸፍነሽ መለየት ካልቻልሽ ንባብ ላይም አትለያቸውም። ወገኖቹ በአዲስ ስም ተሰይመው ከሆነ (ላባ፣ ድንጋይ፣ ዛጎል እያለ) የትኛው ከየትኛው እንደሚዛመድ ጠይቂ፤ የተለመደው እሳት ለበትር፣ አየር ለሰይፍ ሲሆን አንዳንድ አዘጋጅ ገልብጦ እሳትን ለሰይፍ፣ አየርን ለበትር ይሰጣል።

ሐሰተኛ ቅጂም ብዙ ነው። ምልክቶቹ፦ ከመጽሐፍ ይልቅ የኪውአር ኮድ ያለው ወረቀት ብቻ፣ የደበዘዘ ጽሑፍ፣ በአንድ ወገን የሰፋ ጠርዝ፣ ከዋናው ያነሰ መጠን። በራይደር ዌይት ላይ የስሚዝን ፊርማ ፈልጊ፤ ካርዱ ጥግ ላይ ያለች እንደ እባብ የተጠማዘዘች ምልክት ናት። ከተቀዳ ቅጂ የተቀዳ ከሆነ መስመሮቿ ተዋህደው ነጠብጣብ ይመስላሉ። ግን ርካሽ ራይደር ዌይት ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። ስሚዝ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1951 ስለሆነ፣ የቅጂ መብትን ከሞት በኋላ 70 ዓመት በሚቆጥሩ አገሮች ሥዕሉ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ማንም ሊያትመው የሚችል ሆኗል። የሕያው ሠዓሊ ሥራ ሲሆን ግን ከራሱ ወይም ከአሳታሚው ግዢ።

ሲደርስሽ ሳትበውዢ ቁጠሪ። እንዳልተነካ በቅደም ተከተሉ ሳለ የጎደለም የተደገመም ወዲያው ይታያል። ከ78 በላይ ከሆነ አትደንግጪ፤ የተወሰኑ የቶት ኅትመቶች «አስማተኛ» የተባለውን ካርድ በሦስት ዓይነት ስለያዙ 80 ይሆናሉ። አንዱን መርጠሽ ሁለቱን አውጪ።

ጨረቃ_18

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ማርሴዩ ጎብጧል፤ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው መሀሉ ይነሣል። ሌላው ደግሞ፣ ለማብራሪያ የሚሆን ካርድ ከሌላ ዴክ ማውጣት ይቻላል ወይ?

ወረቀትና_ቀለም

የሚጎብጠው ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ሁለቱ ፊቶች እኩል ስላልተለጠጡ ነው። ደረቅ ክፍል ውስጥ በሁለት ለስላሳ ጣውላ መሀል አስገቢውና 2 ወይም 3 ኪሎ ጫኝበት፤ 48 ሰዓት አትንኪው። ካውያና የፀጉር ማድረቂያ እንዳታስጠጊ፣ ሽፋኑ ያብጣል። ከዚያ ልክክ ብሎ የሚገጥም ሳጥን ውስጥ ከትንሽ የሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ) ከረጢት ጋር አስቀምጪው። ላስቲክ አትጠቀሚ፤ ጠርዙን ይበላል፣ መሀሉንም እንደገና ያጎብጠዋል። የጨርቅ ከረጢትም ከአቧራ እንጂ ማዕዘኑን ከመመታት አያድነውም።

ብላቴና_ዘሰይፍ

ይቻላል፣ ግን የሚለወጠውን ነገር ዕወቂ። በአንድ ዴክ «ሞት» የተባለው ካርድ ከወጣ ሁለተኛ ሊወጣ አይችልም። ከሌላ ታሮት ብታወጪ ግን እንደገና ሊመጣ ይችላል፤ መደገሙ «አጽንዖት ነው» ወይስ «አልቆጥረውም» የሚለውን ከማውጣትሽ በፊት ወስኚ፣ ከወጣ በኋላ ከሆነ ደስ ያለሽን ነው የምትመርጪው። ራይደር ዌይትና ቶትን አታቀላቅይ፤ ምክንያቱ የፈረሰኛው ጉዳይ ነው። ለማብራሪያ የሚመቸው ያ የተውሽው ሌኖርማንድ ነው፦ ሁለት ካርድ አውጪና እንደ አንድ ሐረግ አንብቢያቸው፤ መልሕቅና መርከብ ብትይ ለምሳሌ ጉዞና መቆየት ይጋጠማሉ። ከታሮቱ ጋር የሚደገም ነገር ስለሌለው አያምታታሽም።

የትኛው ዴክ ዋና ይሁን የሚለውን ለመቁረጥ ደግሞ ለአንዱ አንድ ወር ስጪው። ደብተር ላይ ቀኑን፣ ጥያቄውን፣ የወጡትን ካርዶች፣ በራስሽ ቃል አንድ መስመር ትርጉም፣ በመጨረሻም መጽሐፉን ከፍተሽ እንደሆነ «አዎ» ወይም «የለም» ጻፊ። ወሩ ሲያልቅ «አዎ»ዎቹን ቁጠሪና የትኞቹ ካርዶች ላይ እንደተጠራቀሙ እዪ። ሁሉም ሰይፍ ላይ ከሆኑ ችግሩ የአንቺ ጥናት ነው፣ ዴኩን አትቀይሪ። ተበታትነው ከሆነ ግን፣ በተለይም በሌላው ዴክ በቀላሉ የምታነቢያቸው ካርዶች ላይ፣ ሥዕሉ ነው የማያወራሽ፤ ለሌላው አንድ ወር ስጪው።