ሶኬቱ በድንገት ለሚነቀል ትንሽ የሊኑክስ ቦርድ የትኛው የፋይል ሥርዓት ቅንብር ያስተማምናል?

መጋዘን_መዝጋቢ

ሰላም ለሁላችሁ። የማቀዝቀዣ መጋዘን ሙቀት በየሴኮንዱ የሚመዘግብ ትንሽ የሊኑክስ ቦርድ አለኝ። ሥርዓተ ክወናውም መረጃውም ያለው በአንድ 32 ጊጋባይት ኤስዲ ካርድ ላይ ነው፤ የፋይል ሥርዓቱ ኤክስት4 ነው። ቦርዱ ማጥፊያ ቁልፍ የለውም። ሠራተኞቹ ሌላ ዕቃ መሰካት ሲፈልጉ የእኔን ነቅለው ይሄዳሉ፤ እንዳይነቅሉ መለመንም ሰልችቶኛል።

አንዳንድ ጊዜ ቦርዱ ተመልሶ ሲነሣ የማዋቀሪያው ፋይል ስሙ ብቻ ቀርቶ መጠኑ ዜሮ ባይት ይሆናል። በቅርቡ ደግሞ ጭራሽ አልነሣም አለ። የሚገርመው፣ የተበላሸው ሥርዓቱ ከተጫነ ጀምሮ ማንም ጽፎበት የማያውቅ የላይብረሪ ፋይል ነው።

ኖኤታይም (ፋይል በተነበበ ቁጥር የንባቡን ሰዓት አለመመዝገብ)፣ ኮሚት=60 (ለውጦችን በየ60 ሴኮንዱ ወደ ካርዱ ማውረድ) እና ዲስካርድ (የተሰረዘውን ቦታ ወዲያው ለካርዱ ማሳወቅ) ልጨምር፣ የካርዱ ዕድሜ እንዲረዝም ጆርናሉንም (ለውጦች ቀድመው የሚሰፍሩበትን መዝገብ) ልዝጋ ብዬ አስቤያለሁ። ወይስ ኤፍ2ኤፍኤስ ወደሚባለው ሌላ የፋይል ሥርዓት ልዛወር?

ፈጣን_ምላሽ

ኤፍ2ኤፍኤስ ተጠቀም። ሳምሰንግ ለፍላሽ ብሎ የሠራው ነው፤ ከ2013 ጀምሮ በከርነሉ (በሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አለ፤ በብዙ ስልኮችም ላይ ይሠራል። ኤክስት4 የመጣው ከሚሽከረከር ዲስክ ዘመን ነው።

አሮጌ_ብየዳ

ቆይ ወንድሜ፣ ከመዛወርህ በፊት ያየኸውን ለይ። የነገርከን ሁለት በሽታ ነው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ዜሮ ባይት የሆነው ፋይል የፕሮግራምህ ጉዳይ ነው። ኤክስት4 ለአዲስ መረጃ የዲስክ ቦታ የሚመድበው ዘግይቶ ነው። የፋይሉ ስም ሰፍሮ ይዘቱ ገና ራም ውስጥ እያለ ኃይል ከተቋረጠ የሚጠብቅህ ባዶ ፋይል ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ ከጥንት የታወቀ ነው፤ በዚያው ማውጫ ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል ትጽፋለህ፣ ኤፍሲንክ (ይዘቱን አሁኑኑ ወደ ካርዱ አውርድ የሚለውን ትእዛዝ) ትጠራበታለህ፣ በሪኔም (ስሙን በመቀየር) የቀድሞውን ትተካለህ፣ ከዚያም ማውጫውን ራሱን ኤፍሲንክ ታደርጋለህ። ያኔ ወይ አሮጌውን ወይ አዲሱን ሙሉውን ታገኛለህ። ኤፍሲንክ የማይጠራ ፕሮግራምን ኤፍ2ኤፍኤስም አያድነውም።

የላይብረሪው ፋይል ግን የሞተው በካርዱ ውስጥ ይመስለኛል። ኤስዲ ካርድ የራሱ ተቆጣጣሪ አለው፤ ከርነሉ የሚያየው የብሎክ ቁጥር በፍላሹ ላይ ቋሚ ቦታ የለውም። ፍላሽ የሚጻፈው ገጽ በገጽ ነው፤ የሚሰረዘው ግን ብዙ ገጾችን በያዘ ትልቅ ብሎክ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ቦታ ለማስለቀቅ ሲል የቆየ መረጃ እያነሣ ወደ ሌላ ብሎክ ያዛውራል። በዚህ መሐል ሶኬት ከተነቀለ የሚጠፋው አንተ ስትጽፈው የነበረው ብቻ አይደለም፤ ማንም ያልነካው ጎረቤቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ክፍልፋይ (ካርዱ በሶፍትዌር የሚከፈልበት ድርሻ) የሚባለውን ነገር ተቆጣጣሪው አያውቀውም። ስለዚህ የሥርዓቱን ክፍልፋይ ለንባብ ብቻ አድርገህ በዚያው ካርድ ሌላ ክፍልፋይ ላይ ስትጽፍ መዋል በር ዘግቶ መስኮት ከፍቶ እንደ ማደር ነው።

ወደ አማራጮችህ ልምጣ። ኖኤታይም ጨምር፣ ጉዳት የለውም፤ ትርፉም ያን ያህል አይደለም፤ ከከርነል 2.6.30 ወዲህ ነባሪው ሬላታይም (የንባቡን ሰዓት አልፎ አልፎ ብቻ መመዝገብ) ሆኗልና። ዲስካርድን ተወው፤ ካርዱ የሚቀበለው ከሆነ ኤፍኤስትሪም (የተሰረዘውን ቦታ ሁሉ በአንዴ የሚያሳውቀው ትእዛዝ) በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ጆርናሉን መዝጋት የሚለውን ምክር ከየትም ብታነበው እርሳው። ሶኬት በሚነቀልበት ቦታ ጆርናል አጥፍቶ ስለ አስተማማኝነት መጠየቅ ያስቀኛል። ባሪየርንም (የጽሕፈቱን ቅደም ተከተል የሚጠብቀውን) አትንካ።

ኮሚት=60 የሚያታልለው ብዙ ሰው ነው። ነባሪው 5 ሴኮንድ ስለሆነ ወደ 60 ሲያሳድጉት ጽሕፈቱ የሚቀንስ ይመስላል። ነገር ግን ፕሮግራምህ በየሴኮንዱ ኤፍሲንክ ከጠራ ጆርናሉ ወዲያው ኮሚት እንዲያደርግ ይገደዳል፤ 60 የሚለው ቁጥርህ ተራው አይደርሰውም። ሒሳቡን እየው። 40 ባይት የሆነች አንዲት ንባብ አንድ ባለ 4 ኪሎባይት የመረጃ ብሎክና ሦስት ያህል የጆርናል ብሎኮች ታስጽፋለች፤ በግምት 16 ኪሎባይት። ቀኑ 86,400 ሴኮንድ ስለሆነ ወደ 1.4 ጊጋባይት ይመጣል። መረጃህ ራሱ 3.5 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም! ካርዱ በውስጡ የሚጨምረውን ገና አልቆጠርንም።

ለመሆኑ መረጃውን የምትጽፈው በምንድን ነው? ምን ያህሉስ ቢጠፋ ትችላለህ?

መጋዘን_መዝጋቢ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መረጃው በኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ የመረጃ ቋት) ነው የሚቀመጠው፤ ለእያንዳንዷ ንባብ አንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉውን የሚጻፍ ወይ ጭራሽ የማይጻፍ ጥቅል) እከፍታለሁ። የመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ቢጠፋ የሚጠይቀኝ የለም። ያለፈው ወር መረጃ ከጠፋ ግን ጉድ ነው።

ቀይ_መብራት

የኃይል አቅርቦቱንም አትርሳ። የሚያስነሣው አቅም የሌለው ቻርጀር ከተነቀለ ሶኬት አይተናነስም። ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ለምሳሌ ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ማስጠንቀቂያ በከርነሉ መዝገብ ይታያል፤ ሌላ ቦርድ ከሆነ በመለኪያ እየው። ኢኤምኤምሲ (ቦርዱ ላይ የሚገጠም የፍላሽ ማከማቻ) ያለው ቦርድ ብታገኝ ደግሞ እመርጥልሃለሁ፤ ከ5.0 ደረጃ ጀምሮ ምን ያህል ዕድሜው እንደ ተበላ በ10 በመቶ እርከን ራሱ ይናገራል። ኤስዲ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው።

አሮጌ_ብየዳ

ቀይ_መብራት ልክ ነው፤ እኔ ወደ ኃይሉ አልመጣሁም ነበር።

ግማሽ ደቂቃ ካልህ ነገሩ ቀለለ። 30 ንባብ በራም ሰብስብና በአንድ ትራንዛክሽን ጻፍ። በኤስኪውላይት ውስጥ ሲንክሮነስ የሚለውን ቅንብር በፉል ተወው፤ ኮሚትም በ5 ይቆይ። ትራንዛክሽኑ በቀን 2,880 ብቻ ይሆናል፤ በዚያው ግምት 46 ሜጋባይት ገደማ። የሚጠፋብህም ቢበዛ ያልተጻፈው ግማሽ ደቂቃ ነው። የዋል ስልትንና (ለውጡን አስቀድሞ በተለየ ፋይል መጻፍ) ሲንክሮነስ ኖርማልን የሚመክሩህ ይኖራሉ። እሱም ቋቱን አያበላሽም፤ ግን ስንት ሴኮንድ እንደሚጠፋ የሚወስነው ከርነሉ እንጂ አንተ አትሆንም።

ከዚያ መረጃውን ከሥርዓቱ ለይ፤ በክፍልፋይ ሳይሆን በዕቃ። ሥርዓቱ ያለበትን ካርድ ለንባብ ብቻ አድርገው፣ ከላዩ ኦቨርሌይኤፍኤስ በራም ላይ ዘርጋ (ለውጡ ሁሉ ራም ላይ ብቻ እንዲቀር)፣ ስዋፑን (ራም ሲጠብ ካርዱ ላይ የሚጻፈውን) አንሣ፣ የጆርናልዲን (የሥርዓቱን የክስተት መዝጋቢ) ማከማቻ ቮላታይል (ራም ላይ ብቻ) በለው። ማንም የማይጽፍበት ካርድ ውስጥ ተቆጣጣሪው የሚያዛውረው ነገር እጅግ ያንሳል። መረጃው በዩኤስቢ የተሰካ ሌላ ፍላሽ ላይ ይሂድ፤ ኤክስት4፣ ነባሪው የኦርደርድ ጆርናል፣ ኖኤታይም፣ ስሕተት ሲገኝ ለንባብ ብቻ እንዲሆን፣ ደግሞም ኖፌይል። ኖፌይልን ከዘለልህ መረጃው ያለበት ፍላሽ የሞተ ቀን ቦርዱም አብሮ አልነሣም ይልሃል።

ሥራ ላይ ከማዋልህ በፊት እየጻፈ ሳለ ሶኬቱን አንተው ራስህ ደጋግመህ ንቀለው። በየጊዜው ኢ2ኤፍኤስሲኬ አስኪድ፤ የኤስኪውላይትን የጤንነት ምርመራም ጨምርበት። ኢ2ኤፍኤስሲኬ የሚያየው የፋይል ሥርዓቱን መዋቅር እንጂ ፋይሉ ውስጥ ያለውን አይደለም።